ጣሰው ጀበናውን እንዴት ያዘው?

(ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ውስጥ፣ ጌም መሥራት ለሚማሩ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ገለበጥኩት። ትንሽ "እእእ" እና ብዙ "ማለት ነው" ብቻ ቀንሻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ። እናንተ በሩ ጋ የቆማችሁት፣ እዚህ ፊት ሦስት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ፣ አልበላችሁም።

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ደግሞ ከእኔ በላይ ታመሰግናችኋለች። "ጌም ጌም ስትይ ዕድሜሽን ጨረስሽ" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዛሬ ጠዋት "ስለ ጌም ንግግር አድርጊ ተብዬ ተጠርቻለሁ" ስላት ነጠላዋን አስተካከለች። "ሰው ብር ከፍሎ ነው የሚሰማሽ?" አለችኝ። በነፃ ነው ስላት ትንሽ ቀዘቀዘች።

እሺ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰውዬ ነው። ስሙ ጣሰው ይባላል። በዚህ ዓለም ላይ የለም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን የፈጠርነው፤ የምንሠራው የሞባይል ጌም ዋና ገፀ ባህሪ ነው። ስላይዱ ላይ እዩት። ትከሻው በር ይዘጋል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው። ማታ በጠባብ መንገድ ብታገኙት መንገድ ትቀይራላችሁ። ግን ሆደ ቡቡ ነው።

የሚያስፈራ ገፀ ባህሪ መሥራት ይከብዳል? አይከብድም። ሆደ ቡቡ መሥራትስ? እሱም አይከብድም። ሁለቱን አንድ ሰው ውስጥ መክተት ነው ጣጣው። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለ ውድቀቴ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ፦ ቅርጹን፣ እጁን፣ አፉን። አፉ ላይ ሳልደርስ ሰዓት ካለቀ ንገሩኝ፤ እኔ ካወራሁ አላቆምም።

ከሥዕሉ በፊት ግን ሥጋ ቤት እንግባ።

ዶሮ ማነቂያ ነው ያደግኩት። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ? ... ጎሽ። በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሰ አንዳንዶቻችሁ የምታውቁት በወሬ ብቻ ይሆናል። እስቲ ስሙን አስቡት። ዶሮ ማነቂያ! የማያውቅ ሰው ሲሰማው አንገቱን ይዳብሳል። ውስጡ ስትገቡ ግን ምንድነው ያለው? ጠባብ መንገድ፣ ሥጋ ቤት በሥጋ ቤት፣ የጎረቤትን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚቆጣ ሰው። (በነገራችን ላይ የአገራችን ጌም ሠሪዎች ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ በሚባለው ጌማቸው ላይ ዶሮዋን ከገበሬው ሲያስሮጧት ሳይ፣ "ዶሮዬ፣ ወደኛ ሰፈር ብቻ እንዳትመጪ" ብያለሁ።) [ሳቅ]

እዚያ አንድ ሥጋ ቆራጭ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ በሕይወት አለ፣ ይቆጣኛል። ግዙፍ ነው። ነጭ ጋዋን፣ ወገቡ ላይ ሞረድ። ቢላውን በሞረዱ ሲስለው "ሽክ ሽክ" የሚለው ድምፅ እኛ ግቢ ድረስ ይሰማ ነበር። ሲናገር ይጮሃል። ሰላምታው ራሱ ጩኸት ነው። ልጆች በሱቁ በር ስናልፍ እንሮጥ ነበር።

አንድ እሑድ እናቴ ሥጋ ግዢ ብላ ላከችኝ። ቁመቴ ከመደርደሪያው በታች ስለነበር ማንም አላየኝም። እኔ ግን በጎን በኩል ሁሉንም አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ከጓደኞቻቸው ጋር ቁርጥ ሊበሉ መጥተዋል። ጥርሳቸው አልቋል። ክትፎ እንዳያዙ ዋጋው ይጨምራል፤ ደግሞም ሃምሳ ዓመት ቁርጥ የበላ ሰው ጓደኞቹ ፊት "ጥርሴ አልቋልና ይከተፍልኝ" እንዴት ይበል? ሥጋ ቆራጩ ምን አደረገ? ለሌሎቹ ጓል ጓል የሚያክል እየቆረጠ ወረወረ። የሳቸው ተራ ሲደርስ ለሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጠና ዞረ። ያን ሙዳ ሥጋ በዚያ ትልቅ ቢላ እንደ ክር አቀጠነው። ክር ነው የምላችሁ! እየቆረጠ ሳለ ደግሞ "ምን ትገፈታተራላችሁ፣ ተራ ጠብቁ!" እያለ ሰዉ ላይ ይጮሃል። ማንም አላየም። ሽማግሌው ከጓደኞቻቸው እኩል ቁርጣቸውን በሉ፣ ከጓደኞቻቸው እኩል አፋቸውን ጠረጉ፣ ሄዱ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ በሱቁ በር ሳልፍ መሮጥ አቆምኩ።

ይሄን ታሪክ ያዙልኝ። እንመለስበታለን።

አንደኛ፣ ቅርጹ።

የመጀመሪያው ጣሰው ጡንቻ በጡንቻ ነበር። ሆዱ ላይ ስድስት ቦታ ተቆራርጧል። ከፈረንጅ ጌም ነው የቀዳሁት፣ ምን ልዋሻችሁ። ጓደኛዬ አየውና "ይሄ ሰው የት ነው የሚሠራው? ጂም ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። እናንተ ሰፈር ውስጥ የሚፈራው ሰውዬ ሆዱ ስድስት ቦታ ተቆራርጧል? እኛ ሰፈር ውስጥ የሚፈራ ሰው ቦርጭ አለው!

ሥዕል የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ነገር አለ። አራት ማዕዘን ጥንካሬ ነው፣ አይነቃነቅም። ሦስት ማዕዘን አደጋ ነው፣ ይወጋል። ክብ ልስላሴ ነው። ይሄን ለማየት ትምህርት ቤት አያስፈልግም፣ በእግራችሁ ውረዱ። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለውን አንበሳ እዩ። ጎፈር አለው፣ ጡንቻ አለው፣ ዘውድ ደፍቷል። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር መጥታችሁ የድንጋዩን አንበሳ እዩ። ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ነው። የተቆለለ ሳጥን በሉት። ጎፈሩም ፊቱም ማዕዘን ነው። ለእኔ ከሁለቱ የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ ያስፈራል። ግን ሰው የሚቀጣጠረው እሱ ሥር ነው። ልጅ ፎቶ የሚነሳው እሱ ሥር ነው። ለምን? የማይነቃነቅ ነገር ያስፈራል፣ ያስጠጋልም።

ስለዚህ ጣሰው ከላይ አራት ማዕዘን ሆነ። ልስላሴውን የት ላስቀምጥ? ፈረንጆቹ "ልቡ ለስላሳ ነው" ይላሉ። እኛስ? በእኛ ቋንቋ ልብ የጀግንነት ቦታ ነው። ልበ ሙሉ እንላለን። ርኅራኄ የሚቀመጠው ዝቅ ብሎ ነው። ሆዴ ባባ። አንጀቴን በላው። ሆደ ቡቡ። ሰምታችሁታል? አማርኛ ራሱ ዲዛይኑን ሠርቶ ጨርሶታል! ከትከሻ እስከ ደረት አራት ማዕዘን፣ ከደረት በታች ክብ። ቦርጩን መለስኩለት። ያን ቀን ጣሰው ሰው መሰለ።

ከዚያ ጥቁር ቀለም ሙሉት። ገፀ ባህሪያችሁን ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር አድርጉትና ቅርጹ ብቻ ሲቀር ማን እንደሆነ ይታወቃል? ካልታወቀ ገና ነው። እዚህ ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የምኒልክ ሐውልት ሲመሽ እዩት። ፊታቸው አይታይም፣ ፈረሱና ጋላቢው ጥላ ሆነዋል። የማይለይ ሰው አለ? የለም። እኛ የምንሠራው ደግሞ ታክሲ ውስጥ፣ ፀሐይ እየመታው፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ለሚጫወት ልጅ ነው። ጃፓናዊው ጌም ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ዶንኪ ኮንግ ለሚባለው ጌም ማሪዮን ሲሥል ስክሪኑ ላይ ቦታ ስላልነበረው ነው ጢም የሰጠው፤ አፍ መሣል አልቻለም። ጸጉሩ ሲዘል እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ስለሚያስቸግር ደግሞ ኮፍያ አደረገለት። ድህነት ነው ማሪዮን የሠራው። ስለዚህ ስልኩ ደካማ ነው ብላችሁ አታልቅሱ።

አሁን በጣም የምወደው ነገር ላይ ደረስኩ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስታውሱ። ደጉ ሰው እንዴት ነው የሚሣለው? ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉውስ? በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ። የዐድዋ ሥዕሎችም ላይ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው፣ ጣሊያኖቹ ግን በአብዛኛው አንድ። ይሄ ሕግ ስንት ዘመን ደጃችን ቆሞ እኛ ኢንተርኔት ላይ የገፀ ባህሪ ትምህርት እንፈልጋለን!

እና ጣሰው ጌሙ ላይ መጀመሪያ ሲገባ በጎን ነው። አንድ ዓይን። ከጠባሳው ጋር። ጌሙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ልጅ፣ ሚጣ፣ ስታለቅስ ሲሰማ ዞር ይላል። ሁለት ዓይን። በቃ፣ ሙዚቃ እንኳን የለውም። ጌሙን የሞከሩት ልጆች ሲያዩት ምንም አላሉም። እናቴ ግን ከኋላዬ ቆማ አየችና "ውይ፣ ደህና ሰው ነው ለካ" አለች። ጌም ነክታ አታውቅም። የት አወቀች? ከሥዕል ቤት ነዋ።

ቅርጽን ሳልዘጋ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ካሜራው ከኋላ በሆነ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ አብዛኛውን ሰዓት የሚያየው ምንድነው? ... ማነው ያለው? ጀርባውን! አዎ። እኛ ግን ሦስት ሳምንት ፊት ላይ፣ ሁለት ቀን ጀርባ ላይ እንሠራለን። ሥጋ ቆራጩ ያን ሥራ የሠራው ጀርባውን ሰጥቶ ነው ብዬ አልነበር? ስለዚህ የጣሰውን ጀርባ እንደገና ሣልኩት። ነጭ ጋዋን ነው። ደም አልጨመርኩበትም፣ ለልጆችም ስለሆነ። ትከሻው ላይ አንድ ቦታ ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱ ያምራል። እሱ አልሰፋውም፣ በእነዚያ ጣቶች አይችልም። ማነው የሰፋለት? ጌሙ አይናገርም። ተጫዋቹ ግን ሰዓታት ሙሉ ያን ቀይ ክር እያየ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ እጁ። ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ሁለተኛው ውድቀቴ እዚህ ነው። ጣሰው ደግ መሆኑን ለማሳየት መግቢያ ላይ ትንሽ ፊልም ሠራሁ። ሁለት ደቂቃ። ጣሰው ዝናብ ላይ ቆሟል፣ የሞተችውን እህቱን ያስባል፣ የድመት ግልገል ያነሳል፣ እንባው ጠብ ይላል። ስሠራው እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ይዤው ፕሌይስቴሽን ቤት ሄድኩ። እዚሁ ፒያሳ። በልጅነቴ "ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?" እየተባልኩ ፊፋ የተጫወትኩበት ዓይነት ቤት። ተራ የሚጠብቁ ልጆችን "ይሄን ሞክሩልኝ" አልኳቸው። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ዘለሉት! ሁሉም! እንባው ጠብ ከማለቱ በፊት ዘለሉት። አንዱ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና "ይሄ ሰውዬ ቦሱ ነው አይደል? መቼ ነው የምገድለው?" አለኝ። (ቦስ ማለት ጌም ውስጥ ያለ ዋና ጠላት ነው።)

ሰውዬው አንተ ነህ አልኩት። "እኔ?" አለ፣ በጣም አዝኖ።

ቤቴ ሄጄ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሥጋ ቆራጩ ትዝ አለኝ። እሱ አልቅሶ ያውቃል? አላየሁም። የድመት ግልገል አንስቷል? ድመት በእርግጫ ነው የሚላት፣ ሥጋ ቤት ነው እኮ። ታዲያ ደግነቱን እንዴት አወቅኩ? በሬ የሚከፍለው እጅ፣ በዚያው ቢላ፣ ክር ሲያወጣ አይቼ። ጉልበቱን ትቶ ሌላ ሰው አልሆነም። ያንኑ ጉልበት ያዘው። ጉልበት የሌለው ሰው ቀስ ቢል ምን ይገርማል? መስበር የሚችለው ቀስ ሲል ነው አንጀት የሚበላው።

ትልልቆቹም ይሄን ያውቃሉ። ባዮሾክ የሚባለውን ጌም የተጫወተ? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው። እዚያ ውስጥ ቢግ ዳዲ የሚባል ፍጡር አለ። የጠላቂ ልብስ ለብሷል፣ እጁ መሰርሰሪያ ነው፣ ሲራመድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ እየጠበቀ ይዞራል። ካልነካችሁት፣ ልጅቷንም ካልተጠጋችሁበት አይነካችሁም። የራስ ቁሩ መስኮቶች ቢጫ ከሆኑ ሰላም ነው። ቀይ ከሆኑ ሩጡ! አንድ ቃል አይናገርም፤ ያቃስታል ብቻ። ታሪኩን ማንም ሳይነግራችሁ ልጅቷን እንደሚወዳት ታውቃላችሁ፣ ምክንያቱም መሰርሰሪያው ከልጅቷ ዞር ያለ ነው። ደግሞ ኢኮ የሚባል ጌም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሌይስቴሽን 2 ላይ። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ የልጅቷን እጅ ትይዛላችሁ። ጣታችሁን ስታነሱ ትለቋታላችሁ። ደግነቱ ያለው ጣታችሁ ላይ ነው።

እኛም ፊልሙን ጣልነው። አንድ ቁልፍ ብቻ አስቀረን። ነካ ስታደርጉት ጣሰው ይመታል፤ በር ይበረግዳል፣ ግንብ ይንዳል፣ ስሙም ጣሰው ነው። ያንኑ ቁልፍ ተጭናችሁ ከያዛችሁት ደግሞ እጁን ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ጓደኛዬ "ለምን ሁለት ቁልፍ አናደርገውም?" ብሎኝ ነበር። አይሆንም! የቡጢ ቁልፍና የደግነት ቁልፍ ለብቻ ከሆኑ ሁለት ሰው ሆኑ። እጁ አንድ ነው፣ ቁልፉም አንድ ይሁን። መጀመሪያ የመያዣውን ጊዜ አንድ ሰከንድ አድርገነው ነበር፣ ልጆቹ ተሰላቹ። 0.4 ሰከንድ ላይ ስናወርደው ልክ መጣ።

እና የመጀመሪያው ደረጃ ምንድነው? ጠላት የለም። እማማ አሉ፣ ቡና ሊያፈሉ ነው። "ልጄ፣ ቁመት አለህና ጀበናዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርድልኝ" ይሉታል። ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ነካ! ጀበናው ድቅቅ ይላል። እማማ አይቆጡም። "ተወው ልጄ፣ ሸክላ ነው" ይላሉ። ሌላ ጀበና አለ። ነካ! እሱም ተሰበረ። "ተወው ልጄ።"

ያ ቦሱን መቼ ነው የምገድለው ያለኝ ልጅ ሦስት ጀበና ሰበረ። መጀመሪያ ሳቀ። በሁለተኛው ፈገግ አለ። በሦስተኛው ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ "ሌላ አላቸው?" አለኝ። "አንድ ቀርቷቸዋል" አልኩት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያስቀምጥ ብታዩት! ትንፋሹን ያዘ። ጀበናው ወረደ። እማማ "ተባረክ" አሉት። ልጁ ዞር ብሎ ጓደኞቹን "ዝም በሉ እስቲ!" አላቸው፣ ማንም ሳያወራ።

እጅ ላይ ሳለሁ ስለ አይድል አንድ ነገር ልበል። አይድል ማለት ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ ሲቀር ገፀ ባህሪው የሚያደርገው ነገር ነው። ማንም ሳያዘው ምን ያደርጋል? እዚያ ላይ ሰውየው ይጋለጣል። ጣሰው መጀመሪያ ጣቶቹን ያንቋቋል። ትንሽ ቆይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይቆማል። ምን አደረገ? ጥላው ሚጣ ላይ እንዲያርፍ ፀሐዩ በመጣበት በኩል ቆመ። ይሄን ሐሳብ ስናገር ፕሮግራመራችን ለሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ርካሽ ስልክ ላይ እውነተኛ ጥላ መሥራት ስልኩን ምጣድ ያደርገዋል። በመጨረሻ መሬቱ ላይ ክብ ጥቁር ምስል ለጥፎ ጥላ አስመሰለልኝ። ማንም አላወቀበትም።

ሰዓት ስንት ነው? ... ዐሥር ደቂቃ። እሺ።

ሦስተኛ፣ አፉ። አጭር ነው፣ ጣሰውም ብዙ አያወራም።

አማርኛ ለገፀ ባህሪ ሠሪ የሰጠውን ስጦታ አስተውላችኋል? አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። ጣሰው ሰፈር የሚያሸብሩትን ጎረምሶች "አንተ!" ይላል፣ ግድግዳው ይርዳል። በዚያው ድምፅ፣ ሳይለሰልስ፣ እማማን "ይቀመጡ" ይላቸዋል። ድምፁን መለወጥ አያስፈልግም፣ ግሡ ይበቃል። ጌሙን ወደ እንግሊዝኛ ልንመልስ ስንሞክር ይሄ ሁሉ በነነ። ሁሉም "ዩ" ሆነ!

"ዬ" ደግሞ አለች። ጣሰው ልጅቷን ጌሙን ሙሉ "ሚጣ" ነው የሚላት። "ሚጣ፣ ነይ።" "ሚጣ፣ ወደኋላ።" አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ "ሚጣዬ" ይላታል። እሷ አትሰማም። ስክሪፕቱ ላይ አምስት ቦታ ጽፌው ነበር። አራቱን ሰረዝኩ፣ እያንዳንዱን ስሰርዝ የቀረው ይጠነክራል።

እንግዲህ ልጨርስ። ባለፈው ወር ጌሙን ለሥጋ ቆራጩ ላሳየው ሄድኩ። ሰፈሩ ሲነሳ እሱም ከተማው ዳር ገብቷል፣ ሁለት ታክሲ ነው። አርጅቷል። ጩኸቱ ግን ያው ነው። "አንቺ! ከስተሽ የለም እንዴ!" አለኝ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ያዘው። አንተ ነህ አላልኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ነጩን ጋዋን አየ። ሞረዱን አየ። እማማ ጀበናውን አውርድልኝ ሲሉት እኔ በጣቴ አሳየሁት፣ ጣሰው እጁን ዘረጋ፣ ጀበናውን በእጀታው ይዞ አወረደ።

ሥጋ ቆራጩ ፊቱን አኮሳተረ። "ማነው ይሄን የሠራው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ያረጀ ጀበና በእጀታው አይነሳም። እጀታው ተነቅሎ እጅሽ ላይ ይቀራል። ሌላው እጅ ከሥር ይገባል፣ እንዲህ" አለና ባዶውን መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ።

ስላይዱ ላይ የምታዩት ገና ያልተስተካከለው ነው። አኒሜሽኑን እንደ አዲስ እየሠራነው ነው፣ ግራ እጁ ከሥር ይገባል። ጥያቄ ያለው? አንቺ፣ ቢጫ የለበስሽው።